ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስለ ቴሌግራም፣ ስለ ዋትሳፕና ስለ መልእክት ምስጠራ

አጎቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ሲመለሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጡ፣ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ጉሙን ፎቶ አነሣለሁ ሲሉ ስልካቸው ከእጃቸው አምልጦ ገደል ገባ። ሾፌሩ አዝኖ ቆመላቸው እንጂ ወርዶ የሚፈልግ አልተገኘም። በማግስቱ አዲስ ስልክ ገዙ፤ ሲም ካርዱን አስተኩ፤ ቴሌግራምን ጫኑና ቁጥራቸውን አስገቡ። የስድስት ዓመት መልእክት እንዳለ መጣ። የደንበኞች ትዕዛዝ፣ የጨርቅ ናሙና ፎቶ፣ አዲስ አበባ የምትማረው ልጃቸው የላከችው የድምፅ መልእክት፣ አንድም የቀረ የለም።

«አልሐምዱሊላህ! አየህ፣ ቴሌግራም ማለት ይህ ነው። ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም» አሉኝ።

«እስከ ትናንት የት ተቀምጦ ነበር?»

«ስልኬ ውስጥ ነዋ።»

«ስልክዎማ ሐረጎ ገደል ውስጥ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ዝምታ በኋላ የጠየቁኝን ጥያቄ ሁሉ፣ ካስረዳኋቸው በተሻለ ቅደም ተከተል እዚህ ልጽፈው አሰብኩ። ብዙ ሰው እንደ እሳቸው ያምናልና።

ምስጠራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ምስጠራ መልእክትን ቁልፍ ለሌለው ሰው ትርጉም ወደማይሰጥ የፊደልና የቁጥር ክምር መለወጥ ነው። «ነገ ሠላሳ ጣቃ ላክልኝ» የሚለው ቃል ከስልኩ ሲወጣ ማንም ሊያነበው የማይችል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ቁልፉ ያለበት ስልክ ሲደርስ ተመልሶ ሠላሳ ጣቃ ይሆናል። አንዳንዱ ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስለዋል። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ወርቁን ብልህ ሰው ትንሽ ካሰበ ይደርስበታል፤ በደንብ የተመሰጠረን መልእክት ግን ቁልፍ ከሌለ ብልህነትም ትልቅ ኮምፒውተርም አይፈታውም።

እንግዲህ «መልእክቱ ተመስጥሯል» የሚለው ወሬ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በር ተቆልፏል እንደ ማለት ነው። ቤቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ቁልፉ ስንት ሰው ጋር እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን በምናውቀው ነገር እንየው። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ደሴ ላለ ሰው ዕቃ መላክ የተለመደ ነው። ለሚኒባሱ ረዳት ሰጥተው፣ የተቀባዩን ስልክ ቁጥር ጽፈውበት ይሸኙታል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥቶ ይደርሳል። አሁን የሚላከው ዕቃ ደብዳቤ ነው እንበል።

የመጀመሪያው አላላክ ደብዳቤውን ሳያሽጉ መስጠት ነው። ተራው የስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ኤስኤምኤስ የምንለው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከስልክዎ እስከ አንቴናው ባለው አየር ላይ መጠነኛ ጥበቃ አለው፤ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ግን የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ቴሌግራም የተመሰጠረ ነው ሲባል ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም፤ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ሁለተኛው አላላክ ይህ ነው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል አንድ መጋዘን አለ እንበል። ደብዳቤዎን በሣጥን ቆልፈው ይሰጣሉ፤ መንገድ ላይ ረዳቱም ሌባውም ሊከፍተው አይችልም። ሣጥኑ መጋዘኑ ሲደርስ ግን መጋዘን ጠባቂው ቁልፍ አለው። ይከፍታል፣ በራሱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ በራሱም ቁልፍ ይቆልፋል። ተቀባዩ ሲመጣ አውጥቶ፣ እንደገና በሣጥን ቆልፎ ይልክለታል። በመንገዱ ሁሉ ተቆልፏል፤ በመጋዘኑም ውስጥ ተቆልፏል። ነገር ግን ጠባቂው ልክፈተው ካለ የሚያግደው የራሱ ቃል ብቻ ነው።

የቴሌግራም የተለመደ ውይይት እንዲህ ነው። መጋዘኑ የኩባንያው ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በሙያው ቋንቋ ሰርቨር ይባላሉ። የአጎቴ የስድስት ዓመት መልእክት ስልኩ ገደል ከገባ በኋላ የተመለሰውም ከዚያ መደርደሪያ ነው። ኩባንያው ቁልፎቹን ከፋፍሎ በተለያዩ አገሮች እንደሚያስቀምጥና ማንም በቀላሉ እንደማያገኛቸው ይናገራል። ይህ ቃል ሊታመን ይችላል፤ መታመን ያለበት ቃል መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ቡድኖችና ቻናሎችም በዚሁ መጋዘን ያልፋሉ። ስለ ቡድን እንኳ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ሁለት መቶ ነጋዴ የሚያነበው ነገር ቁልፉ ከብረትም ቢሠራ ምስጢር አይባልም።

ሦስተኛው አላላክ ምንድን ነው?

በሦስተኛው አላላክ መጋዘን ጠባቂው ቁልፍ የለውም። ሣጥኑ በመጋዘኑ በኩል ያልፋል፤ የሚከፈተው ግን በላኪና በተቀባይ እጅ ብቻ ነው። ይህ «ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ» ይባላል። ጫፎቹ ሁለቱ ስልኮች ናቸው።

ዋትሳፕ ከመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የግልም የቡድንም መልእክት ሁሉ እንዲህ እንዲላክ አድርጓል። ተጠቃሚው የሚነካው ነገር የለም። የፌስቡክ ሜሴንጀር ደግሞ በግል ውይይቶች ላይ ይህን በነባሪነት፣ ማለትም ተጠቃሚው ራሱ ሳይከፍተው፣ መዘርጋት የጀመረው በኅዳር 2016 ዓ.ም. ነው። ቴሌግራምም ይህ አላላክ አለው፤ ነገር ግን ፈልገው ሲከፍቱት ብቻ ነው። ስሙ «ሲክሬት ቻት» ነው፤ ከሰውየው ስም ውስጥ ገብተው ከተጨማሪ ምርጫዎች መካከል ያገኙታል። ለሁለት ሰው ብቻ ይሠራል፤ ቡድን አይገባበትም። የተከፈተበትም ስልክ ላይ ብቻ ይኖራል። ስልኩ ሐረጎ ላይ ከወደቀ ውይይቱም አብሮ ወደቀ፤ ከየትም አይመለስም።

እዚህ ላይ አጎቴ «ታዲያ ይሄ ምኑ ጥሩ ነው?» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ትክክል ነው። ስልክ ሲጠፋ ሁሉን መልሶ ማግኘትና ከሁለት ሰው በቀር ማንም እንዳያየው ማድረግ እርስ በእርስ ይጣላሉ። ነጋዴ የትዕዛዝ መዝገቡ ቢጠፋ የሚደርስበት ጉዳት፣ ሌላ ሰው ቢያየው ከሚደርስበት ሊበልጥ ይችላል።

ቀላል መፈተኛ ከፈለጉ ይህን ይያዙ፦ ስልክዎ ጠፍቶ፣ አዲስ ስልክ ላይ ስልክ ቁጥርዎን ብቻ በማስገባት የድሮው መልእክት ሁሉ ከመጣ፣ ቁልፉ ሌላም ሰው ጋር ነበር።

ዋትሳፕም ላይ የድሮው መልእክት ሲመለስ አይተን የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ተመላሹ ከዋትሳፕ መጋዘን አይደለም፤ ስልኩ በየጊዜው ወደ ጎግል ወይም ወደ አፕል አካውንትዎ ከሚልከው መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ይህ ቅጂ በራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቅጂውንም በራስዎ የይለፍ ቃል የሚቆልፉበት ምርጫ ተጨምሯል። ብዙ ሰው ሣጥኑን በጥንቃቄ ቆልፎ ግልባጩን ጎረቤት ቤት እንደሚያስቀምጥ ሰው ሆኖ የኖረ ይመስለኛል።

ሁለት የማይተዋወቁ ስልኮች ቁልፉን እንዴት ይለዋወጣሉ?

አጎቴን ከሁሉ ያስገረማቸው ይህ ነው፤ እኔንም እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። መልእክቱን ለመቆለፍ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉን ለተቀባዩ ለመላክ ደግሞ ያው መንገድ፣ ያው ረዳት፣ ያው መጋዘን ነው ያለው። ቁልፍ በመንገድ ከተላከ ረዳቱ ይቀርጸዋል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ምስጢር የሚለዋወጡ ሰዎች ቁልፉን አስቀድመው በአካል ተገናኝተው ወይም በታመነ መልእክተኛ ይሰጣጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሌላ መንገድ አሳተሙ። የእንግሊዝ መንግሥት የምስጢር መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ብለው ደርሰውበት ነበር፤ ግን በምስጢር ተይዞ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. አልተነገረም።

ሐሳቡን በጓጉንቸር እንየው። ጓጉንቸርን ለመቆለፍ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ጫን ሲያደርጉት ይቆለፋል። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመክፈት ነው። አጎቴ ደሴ ሆነው ክፍት ጓጉንቸር በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ይልካሉ፤ ቁልፉ ግን ኪሳቸው ውስጥ ቀርቷል። ኮምቦልቻ ያለው ደንበኛ ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ ከትቶ በዚያ ጓጉንቸር ይቆልፈውና ይልከዋል። አንዴ ከቆለፈው በኋላ እሱ ራሱ እንኳ ሊከፍተው አይችልም። ረዳቱ ጓጉንቸሩን አይቶታል፣ ሣጥኑንም ይዞታል፤ ምንም አያደርግበትም። ቁልፉ ከደሴ አልወጣማ።

በኮምፒውተር ዓለም ጓጉንቸሩም ቁልፉም ቁጥሮች ናቸው። ሥራቸውን የሚሠሩት ወደ ፊት ቀላል፣ ወደ ኋላ ከባድ በሆነ ስሌት ነው። ከቀደሙት ዘዴዎች አንዱ በማባዛት ላይ የቆመ ነው። 61ን በ53 ማባዛት ለልጅም ቀላል ነው፤ 3,233 ይመጣል። አሁን ለጎረቤትዎ «3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ወረቀት ይጨርሳል። ቁጥሩ ስድስት መቶ አሃዝ ሲኖረው የዓለም ኮምፒውተሮችም ወረቀት ይጨርሳሉ። በርበሬን ከቅመሙ ጋር ፈጭቶ መደባለቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከድቁሱ ውስጥ ኮረሪማውን መልሶ መልቀም ግን እንዴት ይሆናል? ዛሬ ስልኮቻችን የሚጠቀሙበት ስሌት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ረዳቱ ጓጉንቸሩን ቢቀይረውስ?

ይህን ራሳቸው አጎቴ ጠየቁኝ። ነጋዴ ናቸውና የማጭበርበር መንገድ ቶሎ ይታያቸዋል። ረዳቱ የአጎቴን ጓጉንቸር አስቀርቶ የራሱን ክፍት ጓጉንቸር ለኮምቦልቻው ሰው ይሰጣል። ሰውየው በእሱ ይቆልፋል። ረዳቱ መንገድ ላይ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ከዚያ በእውነተኛው የአጎቴ ጓጉንቸር ቆልፎ ደሴ ያደርሳል። ሁለቱም ምንም አልጠረጠሩም።

መፍትሔው ጓጉንቸሩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር መኖሩና ሁለቱ ሰዎች በስልክ ደውለው ማመሳከራቸው ነው። «የአንተ ጓጉንቸር ቁጥር ስንት ነው?» «እገሌ።» የተለያየ ከሆነ መሐል ላይ ሌባ አለ። ዋትሳፕ ለዚህ ስልሳ አሃዝ ያለው ቁጥር አለው፤ የሰውየውን ስም ተጭነው ስለ ምስጠራ የሚናገረውን መስመር ሲከፍቱ ያዩታል። ከፍቶ ያነበበው ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ቴሌግራም ደግሞ በዘዴ አቅልሎታል። ለአንድ ሰው በቴሌግራም ሲደውሉ ከላይ አራት ትናንሽ ሥዕሎች ብቅ ይላሉ፤ ዓሣ፣ ባቡር፣ አናናስ፣ ምን የማይመጣ አለ። ጌጥ አይደሉም። የጓጉንቸሩ ቁጥር ናቸው። የሁለት ሰው የቴሌግራም ጥሪ፣ ከተለመደው የጽሑፍ ውይይት በተለየ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው። ሥዕሎቹ በሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ከሆኑ መሐል ላይ ማንም የለም።

ዜናው ይህን እንዴት ይነካል?

ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ በፈረንሳይ ፖሊስ ተያዘ። ከቀረቡበት ክሶች መካከል በመድረኩ ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ተባባሪ መሆንና ባለሥልጣናት የጠየቁትን መረጃ አለመስጠት ይገኙበታል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ኩባንያው ደንቡን ቀይሮ፣ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንብ የጣሱ ተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ያን ሰሞን በየካፌው «ቴሌግራም ተከፈተ» የሚል ወሬ ነበር። የተከፈተ ነገር የለም፤ መደርደሪያው መጀመሪያም በጠባቂው እጅ ነበር። የተለወጠው ጠባቂው መቼ ምን እሰጣለሁ የሚለው ነው። የተባለውም ስለ ቁጥርና ስለ አድራሻ እንጂ ስለ መልእክቱ ይዘት አልነበረም።

ምስጠራ የማይሸፍነው ምንድን ነው?

ረዳቱ ሣጥኑን መክፈት አይችልም እንበል። ይሁን እንጂ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ለአንድ የኮምቦልቻ ቁጥር ሣጥን እንደሚልክ፣ ባለፈው ወር ግን ላኪው ማታ ማታ ለሌላ ቁጥር መላክ እንደጀመረ ያውቃል። ብልህ ረዳት ከዚህ ብዙ ነገር ይገምታል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ጊዜ የሚለው ይህ መረጃ ሜታዳታ ይባላል፤ የመልእክቱ ዙሪያ መረጃ ልንለው እንችላለን። ዋትሳፕ ይዘቱን ባያይም ከዚህ ዙሪያ ብዙውን ያያል።

ሁለተኛው ነገር የተቀባዩ ስልክ ነው። ሣጥኑ እዚያ ሲደርስ ይከፈታል። ተቀባዩ ፎቶ ቢያነሣው፣ ለሚስቱ ቢያሳየው፣ ስልኩን ሳይዘጋ ጥገና ቤት ቢተወው ምስጠራ ምን ያድርግ? አንድ ሰው ስልክዎን ለደቂቃ ከያዘ ዋትሳፕዎን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

ሦስተኛው በእኛ ከተማ በብዛት የሚያጋጥመው ነው። ከሚያውቁት ሰው አካውንት መልእክት ይመጣል፦ «ልጄ ለውድድር ቀርባለች፣ ይህን ተጭነው ድምፅ ይስጧት።» ቀጥሎ «አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይላኩልኝ።» ያቺ ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ናት። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የእርስዎን ቁጥር አስገብቷል፤ የጎደለችው እሷ ብቻ ነበረች። ከሰጡት መጋዘኑ እሱን እርስዎ ነው ብሎ ያምናል፤ የስድስት ዓመቱን መደርደሪያ ሁሉ ያራግፍለታል። የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ አይቀር። ሲክሬት ቻት ውስጥ የነበረው ግን አይደርሰውም፤ መጋዘን ውስጥ የለምና። ለአጎቴ ስልክ ሲጠፋ ደግ የዋለው መደርደሪያ ሌባ ሲመጣ ጠላት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ለዚህ ቴሌግራም ተጨማሪ የይለፍ ቃል አለው፤ የደረሰው ቁጥር ብቻ አይበቃም፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ቃል ይጠየቃል ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ በግላዊነት ክፍል ይገኛል። እዚያው «ዲቫይስስ» የሚለውን ቢከፍቱ አካውንትዎ አሁን በስንት ስልክና ኮምፒውተር ላይ ክፍት እንደሆነ ይዘረዝራል። አጎቴ ሲከፍቱት ገደል የገባው ስልክ ሳይቀር ተመዝግቦ አገኙት። ወዲያው አስወጡት።

ሕጉስ?

በአጭሩ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰው የሚጻጻፈው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል፤ ሊገደብ የሚችለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር በሕግ መሠረት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማት ግዴታቸው ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ሁለቱም ከላይ ካልነው የጓጉንቸር ነገር ጋር አይምታቱ፤ ሕግ የከፈተውን ሰው ይጠይቃል፤ ጓጉንቸር ከመጀመሪያው አያስከፍትም።

አጎቴ ምን አደረጉ?

የትዕዛዙን መዝገብ ባለበት ተዉት። «ይህን ማንም ቢያየው ጣቃ ሊቆጥርልኝ ነው» አሉ። የመታወቂያቸውንና የባንክ ደብተራቸውን ፎቶ ከድሮ ውይይቶች ውስጥ እየፈለጉ አጠፉ፤ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከልጃቸው ጋር ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ለመነጋገር ደግሞ ሲክሬት ቻት ከፈቱ።

በሁለተኛው ቀን ልጅቱ በቴሌግራም ደወለች። ኮምፒውተሯ ላይ ሆና ብትጠብቅ ምንም አልደረሳትም።

«ስልክሽን እይ። ኮምፒውተር ላይ አይመጣም፤ እዚያው የከፈትሽበት ስልክ ላይ ነው ያለው» አሏት፣ ከእኔ የሰሙትን እንደ ራሳቸው አድርገው። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ቆይ፣ አትዝጊው። ከላይ ምን ምን ይታይሻል?»

«የቱ ላይ አባዬ?»

«ሥዕሎቹ። አራት ናቸው። እኔ ጋ በመጀመሪያ ጃንጥላ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ጃንጥላ፤ አዎ። ቀጥሎ በግ።»

«በግ» አሉ አጎቴ፣ ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ ሳያነሡ።